እስከ ሐሙስ የማይነካ ገንዘብ

ዓርብ

ዛሬም ስለ ገንዘብ ሣጥኑ ሲጠይቀኝ ዋለ። ሰሎሞን ይባላል፤ የሒሳብ መምህር ነው፣ የቀበሌያችንን የኅብረት ሱቅ ያጠናል። ሁለት ነገር ነው የሚፈልገው፦ ገንዘብ መቼ እንደሚገባና እንደሚወጣ አስቀድሞ ማወቅ፣ ደግሞም ምዝበራ እንዴት እንደሚከለከል።

«እትዬ አስካለ፣ ሣጥኑ ለምን ሁለት ቁልፍ አስፈለገው?»

«አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ ነዋ!»

አንዱ ቁልፍ ሱቁን የሚሸጠው ግርማ ጋ ነው። ሌላው በእኔ በቁጥጥር ኮሚቴዋ መቀነት ውስጥ።

«ዝምድና አላችሁ?»

«የለንም።» የሥጋ ዝምድናስ የለንም። ግን አበልጄ ነው። ልጁን ዳንኤልን ክርስትና ያነሳው ባለቤቴ ነው፣ ነፍሱን ይማርና። መምህሩ ይሄን አልጠየቀኝም።

ቅዳሜ

መምህሩ «ትንበያ» የሚለውን ትልቅ ወረቀት ሱቁ ግድግዳ ላይ ለጠፈ። ደሞዝ ስለወጣ ሳሙናውም ዘይቱም ተሽጦ ሣጥኑ ሞልቷል። ብሩ ሐሙስ ለስኳር ኮታ ማከፋፈያው ይከፈላል፤ እስከዚያ ንክች አይደረግም።

ጎረቤቴ ዘይነባ አየችና «አይ መምህር! ስኳር መቼ እንደሚመጣማ አላህና ማከፋፈያው ናቸው የሚያውቁት» አለችው። ሳቅን። ግርማ ብቻ አልሳቀም። ወረቀቱን ሲያይ ቆየ።

እሑድ

ከልደታ ቅዳሴ ስመለስ ግርማ በሬ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ቀበሌው በኮታ ከሚልካቸው የብሔራዊ ውትድርና ልጆች ዝርዝር ውስጥ የዳንኤል ስም ሊገባ ነው። ሦስት መቶ ብር ከሰጡት ስሙን የሚያስቀር ሰው አለ አሉ።

«ቁልፉን ለአንድ አፍታ ስጪኝ አበልጅ። ወረቀቱ ራሱ ይላል እኮ፣ እስከ ሐሙስ ብሩ ሥራ የለውም። ረቡዕ ወንድሜ ይልክልኛል፣ እተካዋለሁ።»

«ቢጎድል አሻጥረኞች ተብለን ሁለታችንም እንታሰራለን።»

«ያንቺስ ልጅ አይደለም እንዴ!» ብሎኝ ሄደ።

ሰኞ

ዳንኤል። ቁልፉ። ለልጆቿ ስኳር የምትጠብቅ ሁላ። እስር ቤቱ። ይሄው ሲሽከረከርብኝ ዋለ።

ቦኖ ውሃ ላይ የግርማ ሚስት ጀርባዋን ሰጠችኝ። ዳንኤል ግን ሮጦ መጥቶ ሳመኝ፤ ምንም አያውቅም። እንዴት ረዝሟል! ሱሪው ቁርጭምጭሚቱን ለቆታል።

ማክሰኞ

ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ወርጄ የወርቅ ጉትቻዬን ሸጥኩ። ባለቤቴ የገዛልኝን። ወርቅ ሠሪው እየመዘነ «በዚህ ዘመን ማን ወርቅ ይገዛል እናቴ» ይለኛል፤ ዓይኑን ግን ከጉትቻው አላነሳም። ትንሽ ጎደለ፣ ከአስቤዛ ብር ሞላሁት።

ግርማ ብሩን ሲያይ ደነገጠ። «ከየት አመጣሽው?»

ጆሮዬን አሳየሁት። አለቀሰ፣ ያ ሁሉ ሰውዬ።

ያው ጉቦ ነው እንግዲህ። የሕዝብ ብር አይደለም እያልኩ ራሴን ላጽናና እሞክራለሁ። አልጽናናም።

ረቡዕ

ማከፋፈያው በጠዋት ጠራን፣ አንድ ቀን ቀድሞ! ዛሬውኑ ካልከፈላችሁ ኮታው ለሌላ ቀበሌ ይሰጣል አሉን። ግርማ አመድ መሰለ። ሁለታችንም ቁልፋችንን አስገብተን ከፈትን፤ ብሩ እንዳለ ነው። ወንድሙ የሚልከው ግን እስከ ማታም አልደረሰም። እመቤቴ ማርያም! ነክተነው ቢሆንስ ኖሮ?

መምህሩ ወረቀቱን ነቀለው። «ትንበያዬ ተሳሳተ እትዬ።»

«አንተ ምን ታደርግ፤ ሐሙስ ያሉህ እነሱ!» አልኩትና ስለ አበልጅነታችን ነገርኩት። ወረቀቱን ጠቅልሎ እስክሪብቶውን አወጣ።

«ታዲያ ቁልፉን ማን ይያዝ?»

«ዘይነባ ትያዝ። ከግርማ ጋር በአጥር ተጣልተው አይነጋገሩም፣ እሷን በምን አፉ ይለምናታል?»

ከት ብሎ ሳቀና ጻፈው። ዛሬ ማታ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ሐሙስ

ስኳር ታደለ። የዳንኤል ስም ቀርቷል፤ ግርማ በዓይኑ ነገረኝ። እፎይ አልኩ።

ከሰዓት ዘይነባ ሱቁ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። «ከድርን ለውትድርና ጠሩት» አለች። ከድር የበኩር ልጇ ነው። «ትናንትና ስሙ የለም ብለውኝ ነበር፣ ዛሬ ተጨምሮ አገኘሁት።»

ግርማ ሚዛኑ ላይ አቀርቅሮ ቀረ። እኔም ቀና ብዬ አላየኋት። ስኳሯን ተቀብላ ሄደች።

አሁን ቤቷ ሰው እየገባ ነው፣ ድምፅ ይሰማኛል። እኔም መሄድ አለብኝ። ነጠላዬን ለብሻለሁ። ምን ብዬ ልግባ?