ቡሬ ስትነሣ የእኔ ቤት ስለ መፍረሱ

የካቲት ፳፻፰ ዓ.ም.፣ ፍኖተ ሰላም

ለተከበሩ የቤት ገበያ ማነቃቂያ ግብረ ኃይል ሰብሳቢ፣

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱልኝ? ጤናዎ፣ ወንበርዎና አዲሱ ዶዘርዎ ሁሉም ደኅና እንደሆኑ አምናለሁ። እኔ ንግሥቴ ባምላኩ፣ ሃያ ሰባት ዓመት በመዝገብ ቤት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁት፣ እርስዎ የላኳቸው ጎረምሶች ከሰበሩት ቀኝ ክንዴ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። በግራ እጄ ስለምጽፍ የፊደሌን መንጋደድ ይቅር እንዲሉኝ በትሕትና እለምናለሁ። ምስጋናዬን በቁጥር ማቅረቤም የመዝገብ ቤት ልማድ ሆኖብኝ ነው።

፩ኛ. የዛሬ ስድስት ዓመት የቤት ገበያ ሲወድቅ ቡሬም እኛም አብረን ወደቅን። ከዚያ ወዲህ ቡሬ ፋብሪካ ሊተከልባት ነው ተብሎ ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣ ገዢ እየተጋፋ የጎመን መደብ ሳይቀር ሲሸምት፣ እዚህ በየበሩ «ይሸጣል» ተብሎ የተጻፈው ቀለም በዝናብ እየታጠበ ሁለት ጊዜ ተደግሟል። ክቡርነትዎ ግን የሁለቱን ከተሞች ዋጋ ደምረው፣ ለሁለት አካፍለው፣ ሁላችንም አገግመናል ሲሉ በአዳራሽ አበሰሩን። ቡሬ የበላችውን እኛ እንድናገሳ ስለፈቀዱልን ከልብ እናመሰግናለን።

፪ኛ. ገበያው ካገገመ ዘንድ የጭቃ ቤት ያለው ሁሉ በስድስት ወር ውስጥ በብሎኬት እንዲሠራ፣ አለዚያ ለከተማዋ ገጽታ ሲባል ቤቱ እንዲፈርስ አዘዙ። እኔም የግቢዬን እኩሌታ ሸጬ በዋጋው ለመሥራት ስድስቱን ወር ሙሉ ገዢ ስፈልግ ከረምሁ። በሬን ያንኳኳ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም መንገድ ጠፍቶበት የቡሬን አውቶቡስ የሚጠይቅ ነበር።

፫ኛ. ቀኑ ሲደርስ ቤቴ አምሮ ከታየ ይተውልኝ ይሆናል ብዬ ለምርጊት ደቦ ጠራሁ። ጎረቤቱ ጭድ ተሸክሞ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ እየዘፈነ መጣ። ሰዎችዎ ሠላሳ ሰው በአንድነት ሲዘፍንና ጭቃ ሲረግጥ ቢያዩ ሕገ ወጥ ሰልፍ ነው ብለው ዱላቸውን አነሡ። የሰባ ዓመቱ ጎረቤቴ አያ አብተው እጃቸውን ዘርግተው «ልጆቼ፣ ጭቃ ነው እኮ የምናቦካ» ቢሏቸው ግንባራቸውን ፈነከቷቸው፤ ደማቸው ጭቃው ውስጥ ወረደ። ግድግዳውን ስትመርግ የነበረችውን ጎረቤቴን ውቢትን በጠጉሯ ጎትተው ከመሰላል ጣሏት። እኔ የደጄን መቃን አቅፌ ብቆም ክንዴን በዱላ ሰበሩት፤ ከዚያ ዶዘሩ ቤቱን ከነእርጥብ ምርጊቱ ጨፈለቀው። እስኪመሽም የአሥር ጎረቤቶቼን ደገመ።

ያ ቤት ከሟቹ ባለቤቴ ከየሺጥላ ጋር እንጨቱን በትከሻችን ተሸክመን ያቆምነው ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ደሜ ፈልቷል፤ በእጄ ዱላ ቢኖር ኖሮ እመታ ነበር። የነበረኝ ጭቃ ስለሆነ እሱኑ በአለቃቸው ፊት ላይ መርጌዋለሁ። ለክስ ካስፈለገ ይኸው በፊርማዬ አምኛለሁ፤ ምርጊቱም ደኅና ይዞ ነበር።

፬ኛ. አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ የሞተውን ገበያ ማስነሣት ቢያቅትዎ የቆመውን ቤት ስለጣሉ እግዚአብሔር የእጅዎን ይስጥልኝ።

ከዚህ በታች ሊወርድ በማይችል አክብሮት፣ ከፍርስራሼ ላይ ሆኜ እጅ እነሣለሁ፤

ንግሥቴ ባምላኩ

ማስታወሻ፦ ለሚቀጥለው ሪፖርትዎ ይጠቅምዎት እንደሆነ፣ ገበያው በእርግጥ መነቃቃት ጀምሯል። እስካለፈው ሳምንት በሰፈራችን አንድም ቤት ፈላጊ አልነበረም፤ ዛሬ ከነልጆቻችን አሥራ አንድ ቤተሰብ ነን።