የዳኘውን እግር ማን አዳነው

አዲስ አበባ
ኅዳር 14 ቀን 1976 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ለዳኘው፤

እንደምን ሰንብተሃል? በደብዳቤ ወግ "ካንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ" ይባላል። እኔ ግን የልጄ የወለላ ናፍቆት እንጂ ያንተ የለብኝም። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አንቱ ስልህ ኖሬ ዛሬ አንተ ብዬ እጽፍልሃለሁ። እግርህ እንዴት ነው ብዬም አልጠይቅህ፤ ደህና መሆኑን ከማንም በላይ አውቃለሁ።

በአቶ ታፈረ የላክኸው ቃል ደርሶኛል። እህታቸውን ሊያሳክሙ መጥተው ነው ያገኙኝ። እኔ የምሠራበት የቁስለኞች ማገገሚያ በር ላይ ቆመው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ "ካሰች፣ እኔ መልእክተኛ ነኝ፤ እንዳትቀየሚኝ" አሉኝ። "ዳኘው 'የወንድ ገላ የምታሽ ሴት ልጅ አታሳድግም። ሥራዋን ትታ፣ አፏንም ዘግታ ካልመጣች ወለላን ዳግመኛ አታያትም' ብሏል።" ልጄንም "እናትሽ አዲስ አበባ ገብታ ተበላሸች" እንዳልካት ነገሩኝ። ለካ ከሰኔ ወዲህ የላክሁላት ደብዳቤ ሁሉ መልስ ያጣው ለዚህ ነው።

እስቲ እንዴት እንደተበላሸሁ ላስታውስህ።

በ1974 መስከረም፣ ከናቅፋ ግንባር ቆስለህ እዚህ መተኛትህን ስሰማ፣ ወለላንም ንፋስ መውጫ ገበያ የምሸጠውን ጌሾና ብቅልም ለእህቴ ለንግስት አደራ ብዬ መጣሁ። ቀኝ እግርህን እንደ ደረቀ እንጨት ቀጥ ብሎ አገኘሁት። ሐኪሞቹ ጥይቱን አውጥተዋል፤ የቀረው ማሸት ነው፤ እነሱ ማሳጅ ይሉታል። ቁስለኛው ግን ብዙ፣ የሚያሸው ጥቂት። ከአስታማሚዎች መካከል ማንበብ የሚችል ይሠልጥን ሲባል እጄን አወጣሁ። በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኳት ፊደል ለዚያ ቀን በጀችኝ። ሥልጠናው ስድስት ወር ነው፤ ከዚያ ሁለት ዓመት የማገልገል ግዴታ አለበት። ከመፈረሜ በፊት አንተን ጠየቅሁ። "ፈርሚ! ብቻ የኔ እግር ይዳን" አልክ። ያኔ የወንድ ገላ ትዝ አላለህም።

መጀመሪያ ሰው አላስነኩንም። አሸዋ የሞላ ጆንያ ስናሽ ከረምን። አስተማሪያችን ሲስተር ደጊቱ በታጠፈ ብርድ ልብስ ሥር አንዲት ፍሬ ምስር ይደብቁና በጣታችሁ ፈልጉ ይሉናል። ጥፍሬን እስከ ሥጋው ቆረጥኩ፤ የሰጠኸኝን የብር ቀለበትም አወለቅሁ። የመጀመሪያው በሽተኛ ሲቀርብልኝ ግን ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። "ካሰች፣ የምታፍሪው ማንን ነው? ሰውየው እንደሆነ አሞታል" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አፍሬ አላውቅም።

አንተን ስምንት ወር አሸሁህ። ሲያምህ ትሰድበኝ ነበር፤ አንድ ቀን በጥፊ መታኸኝ፤ ሕመሙ ነው ብዬ ማሸቴን ቀጠልኩ። ጉልበትህ መጀመሪያ የታጠፈ ዕለት ሁለታችንም አለቀስን። አጎትህ ወጌሻው ጋሼ ሀይሌ ዕድሜ ልካቸውን የሴቱን ወገብና ጭን ሲያሹ ኖረዋል። ሰዉ "እጃቸው ይባረክ" ይላል እንጂ ማን ተበላሹ አላቸው?

ከዚህም ሁሉ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። በ1975 ታኅሣሥ ከማገገሚያው የወጣኸው በሁለት እግርህ ነው። ምርኩዙን እስከ አውቶቡስ ተራ የያዝኩልህ እኔ ነኝ። "ምን ያደርግልዎታል? ለሌላ ቁስለኛ እንተወው" ስልህ፣ "መንገድ ላይ ቢደክመኝስ" ብለህ ተቀበልከኝ። ወር ሳይሞላ በጥምቀት በዚያው ምርኩዝ እያነከስክ ወጣህ አሉ። ጠበሉ ሲነካህ ታቦቱ ፊት ወርውረኸው ጨፈርክ። ሴቱ እልል አለ፤ መሪጌታ ገብረ ሥላሴም ቆመው ተአምሩን መሰከሩ። እሳቸው ምን ያድርጉ፣ ያዩትን ነው የተናገሩት። ጠበሉን አልነቅፍም፤ እኔም ተጠምቄበታለሁ። በስሙ የዋሸኸው አንተ ነህ። የኔ ሥራ በተነሣ ቁጥር ሰው እግርህን ማየቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ሥራዬ ነውር መሆን ነበረበት። እንዲህ ያለ ክፋት ከየት ተማርክ ዳኘው? ከጦር ሜዳ ነው እንዳልል ስንቱ ከዚያው መጥቶ እጄን ስሞ ይሄዳል።

መልሴ ይኸው፦ ሥራዬን አልተውም። የፈረምኩበት ጊዜ በግንቦት ቢያልቅም አልተውም። አፌንም አልዘጋም። መፋታት ከፈለግህ በሽማግሌ ፊት እንፋታለን። ልጄን ግን በውሸት አትወስድብኝም።

ይህን ደብዳቤ መሪጌታ ጋ ወስደህ እንደማታስነብበው አውቃለሁ። ስለ እግርህ ምን እንደሚወጣበት ትፈራለህ። ጎረቤትም አትጠራም። ቤትህ ውስጥ ፊደል የምታውቅ ደግሞ አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ ዘንድሮ አምስተኛ ክፍል ገብታለች።

ወለላዬ፣ እስካሁን ድምፅሽን አውጥተሽ ያነበብሽው ላንቺም የተጻፈ ነው። በስምሽ የምልከው እንደማይደርስሽ ሳውቅ በአባትሽ ስም ላክሁት። አልተበላሸሁም ልጄ። በግንቦት ንፋስ መውጫ አክስትሽ ንግስት ቤት እመጣለሁ። ከናፈቅሁሽ ነይ፤ ከተቀየምሽኝም ነይና በአፍሽ ንገሪኝ። እመቤቴ ከክፉ ዓይንና ከክፉ ወሬ ትጠብቅሽ፤ ትምህርትሽን ትግለጽልሽ፤ አድገሽ ለማየት ታብቃኝ።

አሁን አባትሽ "በቃ፣ ቅደጂው" ይልሻል። እሺ በዪውና ቅደጂው። አንብበሽዋል።

እናትሽ ካሰች