ሽፋኑ ብቻ ስለተነሳው የቤተሰባችን ፋይል

ለተከበሩ የመዝገብ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤና፣ ሰላማዊ እንቅልፍና በወጉ የሚሠሩ ሁለት ኩላሊቶች እንዲኖሩዎት ከልብ እመኛለሁ። ኩላሊትን ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም፤ ታናሽ እህቴ በሳምንት ሦስት ቀን ደሟን በማሽን ታሳጥባለች፣ እኔም አንዱን ልሰጣት ተመርምሬ ይሆናታል ተብያለሁ። ሆስፒታሉ የሚጠብቀው የአንድ እናት ልጆች መሆናችንን የሚገልጽ፣ የእርስዎ ማኅተም ያረፈበት አንድ ወረቀት ብቻ ነው። ይኸው ስንጠብቅ አምስት ወር ሆነን።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

1ኛ፦ መዝገቦቻችንን ወደ ኮምፒውተር ስላስገቡልን። በቀን አራት መቶ ፋይል ስካን ይደረግ ብለው አዘዙ፤ ሠራተኞችዎም፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ከቁጥሩ አንድ ሳያጎድሉ የየፋይሉን ሽፋን አንስተው ጨረሱ። መስኮት ሦስት ያለችው ባለሙያ ስክሪኑን አዙራ አሳየችኝ፤ የአባቴ ስም፣ የፋይሉ ቁጥር፣ የዛገችው አግራፍ ሳትቀር ቁልጭ ብላ ትታያለች። ከውስጡ ግን አንዲት ገጽ የለም።

2ኛ፦ ወረቀቱን ከሥር ከሥሩ ስላስወገዱልን። ቢሮው ሰፋ፤ ወረፋ የምንጠብቀው ድሮ መደርደሪያ በነበረበት ቦታ ቆመን ነው።

3ኛ፦ አብዛኛውን ቀን ሲስተም የለም። ሲስተም ሲኖር ደግሞ የይለፍ ቃሉን የሚያውቁት ሰውዬ ሥልጠና ላይ ናቸው። የሚሠለጥኑት ስለ መረጃ አያያዝ ነው አሉ። እሰየው፣ ይበርቱ።

4ኛ፦ ምስክር አምጣ ተባልኩ፣ አመጣሁ። ሁለታችንንም ያዋለዱን አክስቴ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት አራት ፎቅ በእግራቸው ወጥተው፣ ቆመው መሰከሩ። ምክትልዎ በትሕትና ካዳመጧቸው በኋላ ሲስተሙ የሰው ቃል አይቀበልም ብለው ሸኟቸው። አክስቴ ያንኑ አራት ፎቅ ግድግዳ እየተደገፉ ወረዱ። እኔማ ደክሞኛል ጌታዬ፤ የምቆጣበት አቅም እንኳ የለኝም። እህቴ ከቀን ወደ ቀን ስታልቅ እያየሁ ነገ ተመለስ መባል አንገሸገሸኝ።

እንደ ድፍረት ካልቆጠሩብኝ ልመናዬ አንዲት ናት፤ ፋይሉ መጥፋቱን ይጻፉልኝና ፍርድ ቤት ልሂድበት። ይህንንም ሦስት ጊዜ ጠይቄ፣ ስክሪኑ ላይ እየታየ ጠፋ ብለን አንጽፍም ተብያለሁ።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ በጥልቅ አክብሮት እጅ የምነሳ፣

ደጅዎን ከጥበቃው እኩል የማውቀው ባለጉዳይዎ፣ ልብስ ሰፊው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ሳልልከው እህቴ ማክሰኞ ጠዋት አረፈች። አስከሬኗን ስረከብ ፎርሙ ላይ የቅርብ ዘመድ በሚለው ቦታ ወንድም ብዬ ሞላሁ። ማስረጃ አምጣ ያለኝ ሰው የለም።