ያልተለመነችው ፕሬዚዳንት

አትላንታ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለማከብርሽ የልጅነት ጓደኛዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ሚኒሶታ በረዶው ቶሎ ይጀምራል ሲሉ ሰምቻለሁና ልጅሽ ደረጃው ላይ ጨው መበተን እንዳይረሳ ንገሪው። እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ። ሰባ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ሰው ደህና ነኝ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። የእጅ ጽሑፌ እንደ ድሮው ቀጥ ያለ ባለመሆኑ ይቅርታ አድርጊልኝ። ቀኝ እጄን ስላመመኝ ይህን ደብዳቤ በግራ እጄ የጻፍኩት በሦስት ቀን ነው። አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለን እንዲህ ያለ መስመር ባቀርብ ኖሮ የጽሕፈት መምህራችን ደብተሩን መልሳ ትወረውርልኝ ነበር።

ከተለያየን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ስልክ ቁጥርሽ አለኝ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። በደብዳቤ ከሆነ ግን ማንም ሳያቋርጠኝ የጀመርኩትን እጨርሳለሁ ብዬ ነው።

ዋናው ወሬ የአረጋውያን ማኅበራችን ምርጫ ነው። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ አባላቱ አርባ አንድ ደርሰናል። ስብሰባው አሁንም በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ብሩክሄቨን በተከራየነው አዳራሽ ነው። ፕሬዚዳንት ሆኜ በጥቅምት ስምንት ዓመት ደፈንኩ፤ በደንባችን መሠረትም ለአምስተኛ ጊዜ የምመረጥበት ወይም የምሸኝበት ቀን ደረሰ።

ብቻቸውን የሚኖሩትን አሥራ ሰባት አባላት በየጠዋቱ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ እየደወልኩ ስም መጥራቴን አላቋረጥኩም ነበር። አንቺ የተማሪ ሰልፍ እያልሽ ትስቂበት ነበር። «አቤት» ያለውን ሰው መዝገቡ ላይ ምልክት አደርግበታለሁ። ሁለቴ ደውዬ ያላነሳ ካለ በአንቀጽ አሥራ ዘጠኝ መሠረት ሱልጣን ታክሲውን ይዞ ሄዶ በሩን ያንኳኳል። አቶ ለገሰ ስኳሩ ወርዶ አልጋው ሥር ወድቆ የተገኘው በዚህ ሥርዓት እንደሆነ አትዘነጊውም።

ዘንድሮ ግን ተወዳዳሪ መጣብኝ። ታዲዮስ ይባላል፤ ዳውንታውን አንድ ሆቴል ፓርኪንግ ውስጥ የሚሠራ፣ ስድሳ ዓመቱን በደፈነ ሳምንት አባል የሆነ ሰው ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ሐሳቡም አባላት በሙሉ በስልክ አንድ ግሩፕ ውስጥ ይግቡ፣ ጠዋት ጠዋት እያንዳንዱ የአውራ ጣት ሥዕል ይላክ፣ አውራ ጣት የላከ ሁሉ ደህና ነው ማለት ነው፣ እትዬን ለምን እናደክማለን የሚል ነው። ብዙ ሰው ወደደለት። ለካስ ስደውል የሚማረሩ ነበሩ። አንዳንዶቹ «ሄሎ» ሲሉ «አቤት በል» ብዬ መቆጣቴን ሲያሙ ከርመዋል።

ከምርጫው በፊት በነበረው ሳምንት ሱልጣን ሐኪም ቤት ሲያደርሰኝ መንገዱን ሁሉ ስለዚሁ አወራኝ። ልጁ አሁንም አንቺ ይለኛል፤ ማረሙን ትቼዋለሁ። ተሳፋሪዎቹ ቀኑን ሙሉ የሚያወሩለት ስለ ዋሽንግተኑ ፕሬዚዳንት እንደሆነ፣ እሱን ግን የሚያስጨንቀው የእኔ ነገር እንደሆነ ነገረኝ። አረጋውያኑን ወዲያ ወዲህ ሲያመላልስ ሁሉንም ጠይቋል። አሥራ ስድስቱ የእኔ ናቸው፣ አሥራ አራቱ የታዲዮስ፣ የቀሩት አልቆረጡም።

«እትዬ፣ ቻንስሽ ፊፍቲ ፊፍቲ ነው» አለኝ። «ግን እወዳደራለሁ ካልሽ ያልቆረጡት ወዳንቺ ይመጣሉ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ እንደ ሌላው ጊዜ አትግደርደሪ።»

እኔ መግደርደር የሚባል ነገር አላውቅም አልኩት። መሪውን ይዞ እስኪያለቅስ ሳቀብኝ።

ቤቴ ገብቼ የእሱን ቁጥር በራሴ መዝገብ አመሳከርኩት። በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ስሞቹን ለየሁ። ልክ ነበር። ባሸንፍ በአራት ወይም በአምስት ድምፅ ነው የማሸንፈው። ይህን ያህል ለምን እንደተጨነቅሁ አንቺን አልዋሽሽም። ከሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ያለችው ሰዓት የእኔ ነበረች። አሥራ ሰባት ሰው «አቤት» ይለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ እስከ ማግስቱ ጠዋት ድምፄን የማልሰማባቸው ቀኖች አሉ።

ቅዳሜ ሠላሳ ስምንት ሰው ተገኘ። አስመራጩ አቶ ለገሰ ነበር። ከረባት አድርጎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ በሥልጣን ላይ ያሉት ፕሬዚዳንት ለመወዳደር ፈቃደኛ መሆናቸውን በቅድሚያ እንጠይቃለን አለ። ተነሣሁ። እወዳደራለሁ የምትለዋ አንዲት ቃል አፌ ውስጥ ነበረች። ግን ሹመት እፈልጋለሁ ብሎ በሰው ፊት መናገር እንዴት እንደሆነ ማን አስተማረን? ሳህን ሲቀርብልን እንኳ ሁለቴ እምቢ እንድንል ተደርገን ያደግን ልጆች ነን። ስለዚህ ዘወትር የምለውን አልኩ። አርጅቻለሁ፣ ደክሞኛል፣ ሥራውን ጉልበት ላለው አስረክባለሁ፣ እባካችሁ አሰናብቱኝ አልኩ።

ከዚያ ጠበቅሁ።

ባለፉት አራት ምርጫዎች እዚህ ላይ የምትነሺው አንቺ ነበርሽ። «እንዲህ ብለሽ አታመልጭንም» ትያለሽ። አንቺ ከጀመርሽ በኋላ ሁሉም ይነሣል፣ ነጠላዬን ይጎትታሉ፣ ሴቶቹ እግርሽ ላይ እንወድቃለን ይላሉ፣ እኔም ሦስተኛው ልመና ላይ እሺ እላለሁ። ቅዳሜ ዕለት በመስኮቱ በኩል ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያለውን ወንበር አየሁት። የሰው ኮት ተቀምጦበታል። አዳራሹ ውስጥ የማሞቂያው ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ሱልጣን አባል ስላልሆነ መናገር አይችልም፤ በሩ ላይ ቆሞ ራሱን ይዞ ነበር። ከወሎ የመጣችው ወይዘሮ ዋሲላ ኋላ ወንበር ላይ ቀና ስትል አይቻለሁ። መልሳ ተቀመጠች። በኋላ ስጠይቃት፣ ሌላ ሰው ይጀምር ብዬ ነው እንጂ ልነሣ ነበር አለችኝ። ሌሎችም እንዲሁ ነው ያሉኝ። ሁሉም ጀማሪ ሲጠብቅ ነበር።

የተነሣው ታዲዮስ ነው። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ከልቡ ነው የተናገረው።

«እትዬ፣ ስምንት ዓመት አደከምንዎት፤ ይቅር ይበሉን» አለ። «በስብሰባ የተነገረ ቃል ቃል ነው ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። አንጨቀጭቅዎትም። ይረፉ።»

አጨበጨቡ። ቆመው ነው ያጨበጨቡት። አቶ ለገሰ ጸሐፊው እንዲመዘግብ አዘዘና ጸሐፊው እየጻፈ ጮክ ብሎ አነበበ፤ «ፕሬዚዳንቷ በገዛ ፈቃዳቸው ሥራቸውን ለቀዋል።» ዓረፍተ ነገሩን አወቅሁት። እኔው የሠራሁት ነው።

ያንን ቀን አንቺም አትረሺውም፤ እኔም አልረሳሁትም። ጸሐፊያችን ሳለሽ ቃለ ጉባኤሽን በሰው ፊት በቀይ ማረም አልነበረብኝም። አንድ ቀን ዘግይተሽ አምጥተሽው ነበር፤ ያም ጉልበትሽ ታሞ እንደሆነ የሰማሁት በኋላ ነው። «እንግዲያው ራስሽ ጻፊው፤ እኔ ከዛሬ ጀምሮ ለቅቄአለሁ» ብለሽ እስክሪብቶሽን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጪ ሰው ሁሉ ያየው አንቺን አልነበረም። እኔን ነበር ያየው። ተይ እንጂ ለማለት ጊዜ ነበረኝ። በእስክሪብቶሽ ያንን ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። ማታ ሁለቴ ስትደውዪ ምን እንደፈለግሽ እያወቅሁ ቃለ ጉባኤው ጸድቋል አልኩሽ። ልጅሽ ዘንድ ልትሄጂ ነው የሚለውን የሰማሁት ከሱልጣን ነው፤ ዕቃሽን ኤርፖርት ካደረሰ በኋላ።

ከምርጫው ስንመለስ ሱልጣን ሳንዲ ስፕሪንግስ ቤቴ አደረሰኝ። ፓርክ አድርጎ በሩን ሲከፍትልኝ፣ «እትዬ፣ ቆይ፣ አዎ ማለት ምን ነበረበት?» አለኝ። ቦርሳዬን ይዤ ወረድኩ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አውራ ጣቴን እልካለሁ። አንድም ቀን አላዛነፍኩም። ታዲዮስ ሥራውን በትጋት ይዟል፤ ቀልድ ይልካል፣ የአየር ጠባይ ይነግረናል። ወይዘሮ ዋሲላ ግን አሮጌ ስልክ ስለሆነ የያዘችው ግሩፑ ውስጥ የለችም። ስለዚህ እሷን ብቻ፣ ምንም ሥልጣን ሳይኖረኝ፣ በሁለት ሰዓት ከአሥር እደውልላታለሁ። «አቤት፣ አለሁ፣ አንቱስ አደሩ?» ትለኛለች። ድሮ የምደውልላቸው ሌሎቹ አሥራ ስድስት ግን አንድም ቀን እንዲህ ጠይቀውኝ አያውቁም። እኔም እንዲጠይቁኝ ቦታ ሰጥቻቸው አላውቅም።

ይልቅ አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገርሽ። የእስክሪብቶሽ ክዳን ተገኘ። ቤቴ ወጥ ቤት ቃለ ጉባኤ ስንገለብጥ ጠፍቶብሽ፣ ወስደሽዋል ብለሽ የጠረጠርሽኝ ያ ሰማያዊ ክዳን። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ነው ያየሁት፤ ከፍሪጁ ሥር፣ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ አቧራ ለብሷል። ቆሞ ለሚያይ ሰው በጭራሽ አይታይም። ላወጣው ብሞክር ክንዴ አልደረሰልኝም።

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አውራ ጣት በመጣ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፤ እኔም እየቆጠርኩ ነበር። ሠላሳ ዘጠኝ መጣ። ከወይዘሮ ዋሲላ በቀር አርባ ነን፤ አንድ ጎድሏል። በትምህርት ቤት ቋንቋ አንድ ቀሪ አለ። ታዲዮስ አላየውም፤ ከእኩለ ቀን በፊት «ሁላችንም ደህና ነን፣ ተመስገን» ብሎ በድምፅ ላከ ሲሉ በኋላ ሰማሁ። አልፈርድበትም። የጎደለን ለማወቅ ስም መጥራት ያስፈልጋል።

ቀሪውን ያገኘችው ወይዘሮ ዋሲላ ናት። ሁለት ሰዓት ከሃያ ድረስ ስልኳን ይዛ ጠበቀች። ስልኳ ዝም ሲልባት ራሷ ደወለች፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለተኛ ጊዜ። ከዚያ ማንበብ የማትችለው ሴት አንቀጽ አሥራ ዘጠኝን በቃሏ ይዛው ኖሮ ሱልጣንን ጠራችው። ልጁ ዳውንታውን ተሳፋሪ አድርሶ፣ በመንገድ መጨናነቅ አልፎ ሲመጣ አራት ሰዓት ሆኖ ነበር። የመኖሪያ ግቢው ሥራ አስኪያጅ በሬን ከፈተችለት። ከፍሪጁ ሥር ዕቃ እየፈለግሁ ነው አልኩት። አጠገቤ በርከክ ብሎ ፊቴን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«እትዬ፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው የምትፈልጊው?» አለኝ።

ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል አልኩት። ውሸት መናገር አልችልበትም።

ለማንም እንዳይናገሩ ሁለቱንም አስምያቸዋለሁ፤ ሌላ ከተማ ለሚኖረው ልጄም ጭምር። አንቺም ምንም እንዳላነበብሽ ሁኚልኝ። እጄ ሦስት ሳምንት ታስሮ ይቆያል ብለዋል። ክዳኑን ሱልጣን በመጥረጊያ እንጨት አውጥቶልኛል። ይህን የምጽፍልሽ በራስሽ እስክሪብቶ ነው፤ አሁን ክዳን አለው፤ ቀለሙም አላለቀም።

እንግዲህ የመጣሁበትን ጉዳይ ልናገር። የጾመ ነቢያት መግቢያ ከሆነው ከሰኞ ኅዳር 15 ጀምሮ ጠዋት በእኛ ሰዓት ሁለት ከሃያ ላይ ልደውልልሽ አስቤአለሁ። በእናንተ አንድ ከሃያ ይሆናል፤ አንቺ ድሮም በዚያ ሰዓት ጸሎትሽን ጨርሰሽ ትቀመጪያለሽ። የማኅበር ሥራ አይደለም፤ ሥልጣንም የለኝም። «አቤት» በይ ብዬም አላስገድድሽም፤ «ሄሎ» ብትዪ አልቆጣም። በበጋ ወይም በጸደይ ደግሞ መጥተሽ ብትሰነብቺ ፎቁ ላይ ያለው ክፍል እንደነበረ ነው፤ ጉልበትሽ ደረጃውን ካልቻለ እኔ ላይ እተኛለሁ፣ አንቺ ታች ትሆኛለሽ።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ልጅሽንና የልጅ ልጆችሽን ይባርክልሽ፣ የሚጠይቅሽ ሰው አያሳጣሽ። ተቀይመሽኝ እምቢ ብትዪ ይገባሻል። እኔ ግን ደግሜ እለምንሻለሁ፤ ሦስተኛም እለምንሻለሁ። እምቢ ያልሽውን ደግሞ በየትም ወረቀት አልጽፈውም።

ያው የአዳሪ ትምህርት ቤት ጓደኛሽ