አልምልም ያሉት ዳኛ፤ የአቶ ይኸነው ነጋ የሕይወት ታሪክ

አቶ ይኸነው ነጋ ከአባታቸው ከአቶ ነጋ ታከለ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ እንቁ ውቤ በ1958 ዓ.ም. በአዘና አካባቢ ተወለዱ። ይህን ታሪክ የጻፍኩት ታናሽ እኅታቸው ያለምወርቅ ነኝ። የዕድራችን ጸሐፊ አቶ ምህረቴ ረቂቁን አይተው፣ ይሄ ለቀብር አይሆንም፣ አሳጥሪው ብለው ሁለት ጊዜ መልሰውልኛል። አላሳጠርኩትም። የሚያነበውም ሰው አንድ መስመር እንዳይዘል በሟች አደራ ብዬዋለሁ።

አቶ ይኸነው ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ አዘና ትምህርት ቤት ገቡ። ቤታችን የሚነገረው አገውኛ ስለነበር አማርኛን የለመዱት ከመምህራቸው አፍ ነው። ሁለተኛ ደረጃን ዳንግላ ተምረው በ1977 ዓ.ም. አጠናቀቁ። ከዚያም ባሕር ዳር በአንድ ፋብሪካ በመጋዘን ሠራተኝነት ተቀጠሩ። በፋብሪካው የሠራተኞች ክበብ ውስጥ እንደ ፑል ኳስ በዱላ እየተመታ የሚከተትበት አንድ ትልቅ የስኑከር ጠረጴዛ ነበር። ሌላው ለመጫወት ሲሻማ እሳቸው ደንቡን ያጠኑ ነበር። ሲጨቃጨቁ ወደ ይኸነው ሂዱ መባል ተጀመረ፤ ዳኝነቱም በዚያው መጣ።

በ1985 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሰርክአዲስ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሸጋ እና ፀጋው የተባሉ ልጆች አፍርተዋል። በ1992 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሄደው የዳኝነት ሥልጠና ወሰዱና የምስክር ወረቀታቸውን ይዘው እንጅባራ ገቡ። ከዚያ በኋላ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ፣ በአዲስ ቅዳምም ሆነ በጫግኒ፣ የስኑከርና የፑል ውድድር ያለ እሳቸው አይጀመርም ነበር። ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ሰደርያ፣ ነጭ ጓንቲ ለብሰው ኳሱን እያነሱ ሲጠርጉ ታቦት የያዙ ነበር የሚመስሉት። ውድድር በሌለበት ጊዜ ያረጀ የጠረጴዛ ጨርቅ ይቀይሩ ነበር። እናታችን ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሰው ሲጫወት ቆሞ አይቶ የሚከፈለው የእኔ ልጅ ብቻ ነው እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

ለእኔ ባል ያመጡልኝም እሳቸው ናቸው። አቶ አሳምነው የፑል ቤት ባለቤትና የእንጅባራ አንደኛ ተጫዋች ነበሩ። ወንድሜ ለአባታችን፣ ሰውየውን በጨዋታ አይቼዋለሁ፣ አያጭበረብርም ብለው ዋስ ሆኑ። በ1994 ዓ.ም. ተዳርኩ።

በጥር 2008 ዓ.ም. በፈረሰኞች በዓል ሰሞን እንጅባራ ላይ የስኑከር ውድድር ተደረገ። ለፍጻሜ የቀረቡት አቶ አሳምነውና አንድ የዳንግላ ተጫዋች ነበሩ። የእንጅባራን ብርድ የምታውቁት ነው፤ አቶ አሳምነው ጋቢያቸውን እንደ ደረቡ መጫወት ጀመሩ። አቶ ይኸነው አውልቁ ብለው ሁለት ጊዜ ነገሯቸው። እጄ ይደነዝዛል ብለው እምቢ አሉ። መጨረሻ ላይ ሁለት ኳስ ሲቀር፣ አቶ አሳምነው ለመምታት ሲያጎነብሱ የጋቢው ጫፍ ሮዟን ኳስ ነካት። ከአንድ ሰው በቀር ማንም አላየም። እሱ ሰው ደግሞ ዳኛው ነበሩ። አቶ ይኸነው፣ ልብስም ኳስ ቢነካ ጥፋት ነውና፣ ፋውል ብለው የሮዟን ዋጋ ስድስት ነጥብ ለዳንግላው ተጫዋች ሰጡ፤ ዋንጫውም ወደ ዳንግላ ሄደ። በገዛ አማቻቸው ላይ፣ በገዛ ከተማቸው ላይ ፈረዱ። አቤት የዚያን ቀን ስድብ!

በሦስተኛው ቀን አዘጋጆቹና ሽማግሌዎች ሁለቱን ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ደጅ አቆሟቸው። አቶ አሳምነው ጋቢዬ ኳስ አልነካም ብለው በታቦቱ ማሉ። ተራው የወንድሜ ሆነ። እሳቸውም እንዲህ አሉ፦ "ዳኛ ያየውን ይናገራል እንጂ አይምልም። ዛሬ ለአንድ ኳስ ከማልኩ፣ ሳልምል የፈረድኩት ሁሉ ውሸት ነበር ማለት ነው።" በአገራችን ልማድ ከመሐላ የሸሸ የተረታ ነው። ሽማግሌዎቹም ሌላ አልጠየቁም። አቶ ይኸነው ከዳንግሎች የበላ ጉቦኛ ተባሉ። የፑል ቤቶች በር ተዘጋባቸው፤ ሸጋና ፀጋውም በትምህርት ቤት የጉቦኛ ልጆች ተባሉ።

በዚያ ሳምንት እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ አቶ አሳምነው፣ የጋቢው ጫፍ ነክቷል፣ ግን ማን አየ? ብለው ለእኔ ሳቁልኝ። በማግስቱ ወንድሜ ቤቴ ድረስ መጡ። አልተቀመጡም። "ያለሜ፣ አንቺ ከእሱ ጋር ነው የምትኖሪው፤ ምንም አላለሽም?" ብለው ጠየቁኝ። እኔም፣ እኔ ምን አውቄ፣ የወንዶች ነገር ነው አልኳቸው። ሦስት ልጆች ነበሩኝ፤ ትዳሬ እንዳይፈርስ ፈራሁ። እሳቸው ዓይን ዓይኔን አይተው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ያንን ነገር ጠይቀውኝ አያውቁም። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ውሸት ነው፤ እኔን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንቅዞኛል።

በ2009 ዓ.ም. አቶ ይኸነው ቤተሰባቸውን ይዘው ጫግኒ ወረዱ። እዚያ የእህል ነጋዴዎች ሚዛን እንዲይዙላቸው ለመኗቸው። ገዢም ሻጭም ይኸነው ከመዘነው አንከራከርም ይሉ ነበር። አገሩ ጉቦኛ ያለውን ሰው የሰው አገር ሚዛን አስያዘው፤ እናንተ የእንጅባራ ሰዎች፣ ይህን ስትሰሙ ምን ይሰማችሁ ይሆን?

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ኩላሊታቸውን ታመው በባሕር ዳር ሲታከሙ ቆዩ። ባለፈው ሚያዝያ ልጠይቃቸው ሄጄ፣ ወንድም ጋሼ፣ የዚያን ጊዜ እኮ ብዬ ስጀምር፣ "ተይው፤ ልጆችሽን አሳድጊ" ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ያን ጊዜ ነው መዋሸቴን ከመጀመሪያውም ማወቃቸው የገባኝ። ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። በኑዛዜያቸው እንጅባራ ቅበሩኝ አሉ፤ ይህን ያህል ተበድለውም።

አቶ ይኸነው ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንድ የልጅ ልጅና እኔን ትተው አልፈዋል። በቀብር ላይ ሟች የበደላችሁ ካለ ይቅር በሉት ማለት ልማድ ነው። ዛሬ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ አይኑር። የበደሉት ሰው የለም። የከዷቸው ግን እዚህ ድንኳን ውስጥ አሉ፤ አንዱ የሦስት ልጆቼ አባት ናቸው፣ አንዷ እኔ ነኝ። ጋቢው ኳሱን ነክቷል። ባለቤቴ በራሳቸው አፍ ነግረውኛል። ማይልኝ የሚል ካለ፣ እኔም አልምልም። ከዛሬ ጀምሮ የምገባበት ቤት መኖሩን አላውቅም፤ አውቄ ነው የጻፍኩት።

መሐላ ሳይጠይቅ እውነቱን የሚያውቅ አምላክ የወንድሜን ነፍስ ከጻድቃን ጋር ያሳርፍልን፤ ለሰርክአዲስና ለልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥ። እኔን ደግሞ ይማረኝ፤ ግን ሸጋና ፀጋው ይቅር ካሉኝ በኋላ።