ሳይቀነስ ይነበብ፦ የወይዘሮ ጸዳለ ተሻገር የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ጸዳለ ከአባታቸው ከአቶ ተሻገር ወርቅነህ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ባዩሽ ኃይሌ በ1952 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ ከተማ ተወለዱ። ዳዊት ደግመው ዘመናዊ ትምህርት ቤት የገቡት በዘጠኝ ዓመታቸው ሲሆን፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እጃቸው ከብዕር ተለይቶ አያውቅም። በመምህርነት ተመርቀውም አዲስ አበባ ውስጥ አማርኛ አስተምረዋል።

በ1975 ዓ.ም. ከአቶ ክፍሉ ዓለማየሁ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ዓብዩንና ሂዊን ወለዱ። በ1988 ዓ.ም. ዲቪ ደርሷቸው አሜሪካ ገቡና አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ላንድማርክ አካባቢ መኖር ጀመሩ። ወይዘሮ ጸዳለ ክሪስታል ሲቲ በሚገኝ ሆቴል ለአሥራ ዘጠኝ ዓመታት ክፍል ሲያጸዱ፣ በምሳ ሰዓት አንሶላ ከሚቀመጥበት ክፍል ገብተው ይጽፉ ነበር። አርባ አንድ ደብተር ሞልተዋል። ከዚያ ውስጥ ስለ ጸሎት፣ ስለተደበደበች ሴትና ስለ መዳን የሚናገሩ ሁለት መጻሕፍት አሳትመዋል። አንባቢው የሌላ ሴት ታሪክ ይመስለው ነበር።

የራሳቸው ነው። አቶ ክፍሉ ይደበድቧቸው ነበር። በ1991 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ከንፈራቸው ተሰንጥቆ ስካይላይን ወደምትኖረው ታናሽ እህታቸው ወደ ውብነሽ ሸሹ። ውብነሽ ፊታቸውን አጠበች፣ ሽማግሌ ሰበሰበች፣ በሦስተኛው ቀንም በገዛ መኪናዋ ወስዳ ለባላቸው አስረከበቻቸው። "እታለም፣ ለልጆችሽ ስትዪ ቻዪው" አለቻቸው። አሥራ ስድስት ዓመት ቻሉ።

በላንድማርክ ሰው ሲያርፍ ከካህኑ ቀጥሎ የሚደወለው ለወይዘሮ ጸዳለ ነበር። ከስልሳ በላይ ለሆኑ ሟቾች የሕይወት ታሪክ ጽፈዋል። በ2007 ዓ.ም. አቶ ክፍሉ ሲያርፉም ውብነሽ ወረቀትና እስክሪብቶ አቀረበችላቸው፤ ሙት ወቃሽ እንዳይሆኑም ለመነቻቸው። "ደግ አባት፣ ታጋሽ ባል" ብለው ጻፉ። ሲነበብ ለቀስተኛው ሁሉ አነባ፤ እርሳቸው ግን አላለቀሱም።

ከዚያ በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግ ከልጃቸው ከሂዊ ጋር ኖሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከባል የሸሹ ሴቶች እየመጡ ያዋዩዋቸው ነበር። አንዷንም ተመለሺ ብለው አያውቁም።

በጡት ካንሰር ሁለት ዓመት ሲታመሙ ቆይተው ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ። ከማረፋቸው አስቀድሞ ውብነሽን ጠርተው፣ "የእኔን አንቺ ጻፊው። እንደ ክፍሉ አታድርጊው" አሏት። በመጨረሻው ደብተራቸው ላይ እንዲህ የሚል ተገኝቷል፦ "ክፍሉን ይቅር ብዬዋለሁ፤ ጌታ ምስክሬ ነው። ሬሳው ፊት ያስነበብኩትን ውሸት ግን ምን ብዬ ልናዘዘው?"

ዘመድ ይህ ሁሉ ከጽሑፉ እንዲቀነስ ለምኖ ነበር። ሂዊ ግን፣ "አክስቴ፣ ፕሊስ፣ ኤዲት እንዳታደርጊው" ስላለች እንዳለ ቀርቧል።

ወይዘሮ ጸዳለ የሁለት ልጆች እናት፣ የሦስት ልጆች አያት ነበሩ። አንድ እህትም አላቸው። ያቺ እህት፣ ይህን የጻፍኩት ውብነሽ፣ እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ "ይቅር በይኝ" ማለት አቃተኝ። አሁን የምለው ለሳጥን ነው።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን፣ እጃቸውን ይዞ የሚመልሳቸው ከሌለበት ቤቱ ያኑርልን።