ተዝካርህ ከወጣ በኋላ

ቆሰበር፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለይኸነው፣
ገዳሪፍ

ወንድምዓለም፣

ሁለት ዓመት ሙሉ «ነፍሱን ይማር» ስልህ ከኖርሁ በኋላ «ጤናህ እንዴት ነው» ብዬ መጻፍ ለካ እጅ ያስራል። ቢሆንም ልጠይቅህ። እንዴት ነህ? እህል ትቀምሳለህ? የምትተኛበት ቤት ዝናብ አያስገባም? ቁስልህስ ደረቀ?

የላክኸው ሾፌር ትናንት መጥቶ መልእክትህን ነገረኝ። ሱቄ በር ላይ ቆሞ፣ ዐይኔን ላለማየት መሬት መሬቱን እያየ፣ «ፊቴ በእሳት እንዲህ ከሆነ ወዲህ ያየኝ ሁሉ ይሸሻል። እናቴም ድምፄን ሰምታ ስልኩን ወረወረችው። ተዝካሬ ወጥቷል፤ እንግዲህ ሞቼ ልቅር በላት ብሎኛል» አለኝ። ሻይ እንኳ ሳልጋብዘው ጮኽሁበት። ምስኪን፣ እሱ ምን አደረገ! በአንተ የመጣብኝን ቁጣ ነው በሱ ላይ ያወረድሁት። ነገ ጠዋት በመተማ በኩል ወደ ገዳሪፍ ስለሚመለስ ይህን ደብዳቤ ይዞልህ ይመጣል። ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበው፤ ግማሹን አንብበህ ብታጥፈው አልወድህም።

እማየ ስልኩን የወረወረችው ጠልታህ አይደለም። ያ ከካርቱም ጦርነት ያመለጠው የሰፈራችን ልጅ «ይኸነው የነበረበት ቤት በውስጡ ካሉት ሰዎች ጋር ተቃጠለ» ብሎ ሲነግረን አመንነው። ሬሳ ስላልነበረ ልብስህን ዘርግተን አለቀስንልህ። እማየ ጸጉሯን ተላጨች፣ ከል ለበሰች፣ በአርባ ቀንህ ያላትን ሁሉ አውጥታ ተዝካርህን ደገሰች። አንተ ለእሷ አልቅሳ የሸኘችህ ሰው ነበርህ።

አሁን አንድ የሚያስቅ ነገር ላጫውትህ፤ ሳቁ ብዙ አይቆይም። ሱቄን አታውቀውም፣ አንተ ከሄድህ በኋላ ነው የከፈትሁት። ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ፣ ደብተርና እስክሪብቶ እሸጣለሁ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በሩን ገርበብ አድርገን አራት ሆነን መጽሐፍ እናነባለን። መምህር እንዳልካቸው እንግሊዝኛ ያስተምራል፤ የደንበጫ ልጅ ስለሆነ ከቋንቋችን ከአውኚ አንዲት ቃል አይሰማም። ዋጋዬ ነርስ ናት። አሳምነው ባጃጅ ይነዳል፣ ባጃጅ የተከለከለ ቀን ደግሞ ምላሱን ይነዳል። መንገድ እየተዘጋ አዲስ መጽሐፍ ከባሕር ዳር መምጣቱን ሲያቆም፣ እንዳልካቸው አንድ ተማሪው የሰጠውን ፍላሽ ይዞ መጣ። ስንከፍተው በውስጡ ያለው ልብ ወለድ ሁሉ የዞምቢ ሆኖ አረፈው።

ዞምቢን በፊልም ታውቀው ይሆናል። ከሞተ በኋላ ተነሥቶ የሚንከራተት ሰው ነው፤ ያገኘውን ይነክሳል፣ የተነከሰውም እንደሱ ይሆናል። አሳምነው «ተዝካሩ ያልወጣለት ሙት ማለት ነው» ብሎ ተረጎመልን። እኔ መጀመሪያ «ስመ ሥላሴ! በሰንበት ምድር ይህን ልታነቡ?» ብዬ ተቆጥቼ ነበር። እንዳልካቸው ከላፕቶፑ እያየ በአማርኛ ሲተርክልን ግን ሳላውቀው እሑድን መናፈቅ ጀመርሁ።

የመጀመሪያው የሚያስፈራ ነበር። አንድ ቤተሰብ በሩን ቸንክሮ ተቀምጧል፤ የሞተው ልጅ ውጭ ሆኖ እናቱን ይጠራል፤ እናት አላስችል ብሏት ትከፍትና የቤቱ ሰው ሁሉ ያልቃል። ሁለተኛው የፍቅር ታሪክ ነው። እጮኛዋ ሞቶ ይመለሳል፣ ልጅቱ በሩን ትከፍትለታለች፣ እሱ ግን እንዳይጎዳት ራሱን ፈርቶ ደጃፉ ላይ ቆሞ ይቀራል። ሦስተኛው ቀልድ ነው፤ ሙቶቹ መሥሪያ ቤት ተቀጥረው ማንም ከሌላው ሠራተኛ አይለያቸውም። አሳምነው «ይሄማ የኛው አገር ታሪክ ነው» ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። በሐኪም አፍ የተጻፈም ነበር፤ እሱን ዋጋዬ መርፌውን ሁሉ ስትነቅፍ ነው የጨረስነው። በመጨረሻ እንዳልካቸው «አያችሁ፣ ሙቱ በሁሉም መጽሐፍ ያው ነው። የሚለያየው በሩ ላይ ያለው ሰው ነው» አለ። እኔም ለመምህር ወግ ያህል አንገቴን ነቀነቅሁለት።

አንተ የደወልኸው በዚያው ሳምንት ነው። የማላውቀው ቁጥር ነበር። ስሜነሽን አሳጥረህ «ስሜ» አልኸኝ። ከአንተ በቀር እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ የለም። ወንበሩን ስቼ መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ከእሳቱ እንደተረፍህ፣ ግራ ጆሮህ ጠፍቶ ዐይንህ ግን ደኅና እንደሆነ፣ ሁለት ዓመት የጠፋኸውም በዚህ ፊትህ እማየን እንዳታስደነግጣት ፈርተህ እንደሆነ ነገርኸኝ። አምኜሃለሁ፣ አልቅሻለሁም፤ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ማታ ቤቴን ቆልፌ ስጨርስ ተመልሼ ቁልፉን ነካሁት። እናፍቅሃለሁ፣ እፈራሃለሁም። ሁለቱም አንድ ላይ መጣብኝ።

በማግስቱ አዘና ሄጄ ስልኩን እማየ ጆሮ ላይ አደረግሁላት። «እማየ» ስትላት እኔም ሰምቻለሁ። ወርውራው አማተበች። «የሞተ አይደውልም። ልጄን አልቅሼ ሸኝቻለሁ። የሱን ድምፅ ይዞ የሚጫወትብኝ ርኩስ መንፈስ ነው፤ ሁለተኛ እንዳታመጪብኝ!» አለችኝ። የነፍስ አባቷ ቢለምኗትም አሻፈረኝ አለች። የደወልህበት ስልክም ከዚያ ወዲህ ዝግ ሆነ። ያን ጊዜ ነው የመጀመሪያው መጽሐፍ ትዝ ያለኝ። እናታችን በሩን ቸንክራ ተቀምጣለች፣ አንተ ደግሞ ውጭ ነህ።

በቀጣዩ እሑድ መጽሐፍ አልተከፈተም። እማየን እንዴት እንደምናሳምናት ስንመክር ዋልን። ዋጋዬ «ልቧ ደካማ ነው፣ ድንጋጤ አትችልም። እኔም ልኑር፤ ደግሞ በጠዋት ይሁን፣ ሥራ ሳያደክማት» አለች። እንዳልካቸው «በመጽሐፎቹ ሁሉ ብቻውን የሄደ ሰው ነው የሚጠፋው፤ ሰብሰብ ብለን እንሂድ። አንቺን ተቀይማሻለችና ነገሩን እኔ በአክብሮት ልጀምር» አለ። አሳምነውም ረፋዱ ላይ መንገድ ሊዘጋ ስለሚችል ማልደን ጨርሰን እንድንመለስ መከረ። ሁሉም ልክ ነበር። ቅዳሜ አዘና ወርደን አክስታችን ሽታዬ ቤት አደርንና ገና ጎህ ሲቀድ ተነሥተን ወደ እማየ ቤት ሄድን።

አየኸው አይደል? ጎህ ሲቀድ ተነሥተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ አንድ ሰው ቤት የሚሄዱ ሰዎች ምን ሊሉ ነው የሚሄዱት? አንተ ገዳሪፍ ሆነህ ይገባሃል። እኛ ግን ያን ሁሉ መጽሐፍ አንብበን አልገባንም። የምስራች ይዘን የመርዶ አካሄድ ሄድን።

እኔ ከአጥሩ ጀርባ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ቀረሁ። እማየ ላሟን ልታልብ ወጥታ ኖሮ ሦስቱን ስታያቸው ዕቃው ከእጇ ወደቀ። እንዳልካቸው ቀረብ ብሎ፣ «እማማ፣ እንዴት አደሩ? አይደንግጡ። አንድ ነገር ልንነግርዎት ነው፤ እስቲ መጀመሪያ ይቀመጡ» አላት።

«ስሜነሽ የት አለች?» አለች እማየ።

«እሷማ... ኋላ ነች» አለና አንገቱን ደፋ። ውሸት ስለማያውቅበት ነው።

ከዚያ በኋላ የሰማሁትን ጩኸት ዕድሜዬን ሙሉ አልረሳውም። በአውኚ ነበር። «ፈጣሪዬ፣ የይኸነው አልበቃ ብሎህ ስሜነሽን! የቀረችኝን አንዲቷን!» እያለች ደረቷን ትመታለች። እንዳልካቸው ቃሉን ስለማይሰማ ለአንተ የምታለቅስ መስሎት «ደጉን ነው የምንነግርዎት እማማ፣ ደጉን ነው» እያለ ይንተባተባል። ዋጋዬ ልትይዛት ትታገላለች። ጎረቤት ጩኸቱን ሰምቶ ከየቤቱ መውጣት ጀምሯል። እኔ በቁሜ ሲለቀስልኝ ሰማሁ፣ ወንድሜ። ከዚያ አጥሩን ዘለልሁት፤ ነጠላዬ እሾህ ላይ ቀረ። «እማየ! አለሁ! ይኸው አለሁ!»

ስታየኝ ወደ ኋላ ሸሸች። በእኔም አማተበችብኝ። ሁለታችንንም አጣችን ብዬ ነበር። ግን እጇ ቀስ ብሎ መጣ። ትከሻዬን ነካችው፣ ጆሮዬን ነካችው፣ አንገቴን አሸተተችው፣ ከዚያ እንደ ሕፃን ጭምቅ አድርጋ ይዛኝ አብረን መሬት ላይ ወደቅን። ለለቅሶ የመጣው ጎረቤት ከበበን።

እጇን ከአንገቴ ሳታነሣ፣ «ቅድም ሞተሽ ነበር» አለችኝ። «አልቅሼልሻለሁ።»

«አዎ፣ እማየ።»

«አሁን ግን አለሽ።»

«አለሁ።»

ወደ በረቱ አቅጣጫ ተመለከተች። «እሱም እንዲህ ነው?»

«እሱም እንዲህ ነው፣ እማየ። ሳይሞት ነው ያለቀስንለት።»

እናታችንን ታውቃታለህ፤ ወዲያው እልል አላለችም። ተነሣች፣ የፈሰሰ ነገር ያለ ይመስል ባዶውን ዕቃ አንሥታ ጠራረገችው። ከዚያ «ምን ሁኖ ነው ታዲያ የማይመጣው?» አለች። ስለ ፊትህ ነገርኋት። ግራ ጆሮህ እንደሌለ፣ ቆዳህ እንደተኮማተረ፣ እንዳትደነግጥብህ ፈርተህ እንደቀረህ፣ ምንም ሳልደብቅ ነገርኋት።

«ዐይኑስ?» አለችኝ።

«ዐይኑ ደኅና ነው።»

«እንግዲያው ያየኛል። የቀረውን እኔ አያለሁ» አለች።

ይኸነው፣ ይህን የጻፍሁልህ እንድታለቅስ አይደለም፤ እንድትነሣ ነው። በሁለተኛው መጽሐፍ ደጃፍ ላይ ቆሞ የቀረውን እጮኛ አልወደድሁትም ነበር። «በሩ ከተከፈተልህ በኋላ ምን ይገትርሃል?» ብዬ በጆሮው በጮኽሁበት። አሁን በአንተ እጮኽብሃለሁ። ስልኩ ሲከፈት እንደገና ሞክሪ ብላት «ድምፅ አይታቀፍም፤ ራሱ ይምጣ» ብላኛለች።

መተማን ካለፍህ በኋላ ቀጥታ ወደ እኔ ና። አሳምነው እስከ አዘና ያደርስሃል፤ በመንገድ ሁሉ ያስቅሃል፣ ቻለው። በጎህ እንዳትሄድ፣ ሰውም እንዳትሰበስብ። በቀትር፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ ፊትህን ሳትሸፍን ግባ። እሷም እንዲህ ነው ያለችው።

ዋጋዬ ያን ዕለት የእማየን ግፊት ለካችላት። ደግማም ለካች። ቁጥሩን አልነገረችኝም፤ መሣሪያዋን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከከተተች በኋላ «መቼ ይመጣል?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። እኔም «በቅርቡ» አልኋት።

የአዘና ሽማግሌዎች ባለፈው ሰንበት ተሰብስበው ከሏን ሊያስወልቋት መጥተው ነበር። ነጭ ቀሚስ ይዘውላት፣ «እንግዲህ ልጅሽ አለ፣ ይበቃል» ብለው ለመኗት። ተነሥታ እጃቸውን ሳመችና ቀሚሱን ተቀብላ አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው። «ለሱ ነው የለበስሁት፤ የሚያስወልቀኝም እሱ ነው። እሱ ካልመጣ በዚሁ ቅበሩኝ» አለቻቸው።

እናትህ «የሄድህበት መንገድ ይመልስህ፣ እግርህን እንቅፋት አይንካው፣ የክፉ ሰው ዐይን ይጨልምልህ» ብላ መርቃሃለች። እኔም አሜን ብያለሁ። መልስ አትጻፍልኝ፤ ለሾፌሩም ቃል አትስጠው። ከጎኑ ወንበር አለ፣ ጠይቄዋለሁ።

አንድ ቀን በቁሟ ያለቀሱላት እኅትህ፣
ስሜነሽ